መኪና የማያስገባ ቤት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለእንዳላማው ገብረ ኪዳን፤
ካልጋሪ።

ወንድምዓለም፣ ለጤናህ እንዴት ነህ? ከተለያየን ወዲህ ሰውነትህ እንዴት ሰነበተ? ትሕትናስ ደኅና ናት ወይ? ወገቧን ያማት የነበረው ለቀቃት? ማርያማዊት የፊት ጥርሷን አወለቀች ብለኸን ነበር፤ አዲሱ በቀለላት? በረዶውስ ዘንድሮ እንዴት አድርጓችኋል? እዚህ ዝናቡ አባርቶ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ይጥላል፤ ጤፉም ለአጨዳ ደርሷል። እኛ አምላክ ክብር ምስጋና ይግባውና አለን። እማዬ ግፊቷ ረግቦላት እንደ ልቧ ትንጎራደዳለች። አባባም ደኅና ናቸው። የእሳቸውን ግን ደኅና ናቸው ብዬ በአንድ ቃል የማልፈው አይደለም፤ ይህን ሁሉ ወረቀት የያዝኩትም ለዚሁ ነው።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። አንተ ስትደውል ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ መሀል ይቀመጣል፤ አባባ ባንድ ወገን፣ እማዬ ባንድ ወገን ሆነው ያዳምጣሉ፤ አንተም ቸኩለህ ገና ሳንጠግብህ ትዘጋለህ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ መሀል አይነገርም። ከእናንተ ዘንድ የመጣችው የብርጓል የእናቷን ተዝካር አውጥታ ወደዚያው ልትመለስ ስለሆነ በእጇ ልኬልሃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው። ተቆጥቼ ነው የምጽፍልህ፤ ታላቅህ ነኝና ቻለኝ።

ከሰው አፍ ሰምተህ እንዳትቀየም ዋናውን ላስቀድም። አንተ ከገዛኸው ቪላ ወጥተናል። ከጥቅምት ጀምሮ ከአብማ ማርያም ጀርባ፣ በድሮው ሠፈር፣ የጭቃ ቤት ተከራይተን ገብተናል። ሳላማክርህ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ አባባም እማዬም የሉበትም። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ከሥሩ ልንገርህና ከዚያ በኋላ ፍረድ።

አባባ ደብረ ወርቅ ሳሉ ዓይናቸው ደክሞም እንኳ የቀረባቸው ነገር እንዳልነበረ ታውቃለህ። ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቤት፣ ከዚያም ገበያ ድረስ መንገዱን እግራቸው ያውቀዋል። ለቅሶም ሆነ ማኅበር መቋሚያቸውን ይዘው ብቻቸውን ነበር የሚሄዱት። ያገኛቸው ሁሉ «የኔታ፣ እንዴት አደሩ?» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ሰውየውን በድምፁ ለይተው የከብቱን፣ የልጁን ደኅንነት ይጠይቁታል። ሐኪሞቹ የዓይናቸው ግፊት በየጊዜው ካልተለካ የቀረችዋም ብርሃን ትጠፋለች ባይሉ ኖሮ ደብረ ማርቆስ መግባትን በሕልማቸውም አያስቡትም ነበር።

አንተም ወዲያው ቤት ገዛህ። ለእናት ለአባት ቤት መግዛት የሚመረቅበት እንጂ የሚነቀፍበት አይደለም፤ እኔም ያኔ እልል ብያለሁ። ቤቱን የገዛልህ ወዳጅህ ስልኩን ይዞ እየዞረ አሳየህ። ሴራሚኩን አየህ፣ መታጠቢያ ቤቱን አየህ፣ ሁለት መኪና የሚያቆመውን ግቢ አየህ። ከበሩ ውጭ ያለውን ግን ማንም አላሳየህም፤ አንተም አልጠየቅህም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

ከበሩ ውጭ ያለው ይህ ነው። በሩን ስትከፍት ሰው ሊወድቅበት የሚችል ያልተከደነ የውኃ መውረጃ ቦይ አለ። ከቦዩ ቀጥሎ አስፋልቱ ነው። በቦዩና በአስፋልቱ መሀል ያለችው ጠባብ መሬት የእግረኛ ናት ይሉሃል፤ እሷም አንድ ቀን አሸዋ ይደፋባታል፣ አንድ ቀን መኪና ይቆምባታል። የጭነት መኪናው ከከተማው ወጣሁ ብሎ እንደ ተፈታ ጥጃ የሚለቀው እዚያ ላይ ሲደርስ ነው። ሱቁ ሩቅ፣ ወፍጮው ሩቅ፣ ቤተ ክርስቲያኑማ ደወሉም አይሰማ። ጎረቤት አለን እንዳንል በዚያ መንደር ሰው የሚወጣው በመኪና፣ የሚገባው በመኪና ነው፤ በሩ ይከፈታል፣ መኪናው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። እማዬ ከጎን ያለችውን ሴት ስሟን ሳታውቅ ወራት አለፉ። አንድ ቀን በሩን አንኳኩታ እሳት ብትጠይቅ ዘበኛው ለምጽዋት የመጣች መስሎት «እግዜር ይስጥልን» ብሎ መለሳት። እናታችንን፣ እንዳላማው! የመሪጌታ ገብረ ኪዳንን ሚስት!

አባባ ደግሞ ቤት መዋል ያዙ። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ሶፋው ላይ ትቻቸው እወጣለሁ፤ ስመለስም እዚያው ሶፋ ላይ አገኛቸዋለሁ። የጠዋቱ የኪዳን ጸሎት ቀረባቸው። ባጃጅ ተከራይቼላቸው ነበር፤ አንዱ ሹፌር ሽማግሌ ቀስ ብሎ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ጊዜዬን ይበላል ብሎ ቀረ፤ ሌላው ደግሞ ቤንዚን ጠፋ እያለ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይቀራል። ምግብ ቀነሱ። ቅኔ መቁጠር እንኳ ተዉ። አንተ በስልክ «ቤቱ ተስማማዎ ወይ?» ስትላቸው «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ፣ ሰፊ ነው» ይሉህ ነበር። ሰፊ ነው እንጂ ደስ ይላል ሲሉህ አንድ ቀን ሰምተሃል?

ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ ቤተ ክርስቲያን ሳይስሙ ውለው አያውቁም። በገባ በሁለተኛው ሳምንት እኔ ልብስ ሳጥብ፣ እማዬ ጓዳ ሳለች፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። ዳር ዳሩን እየዳበሱ ሄዱ። ትንሽ እንደ ሄዱ የእግረኛዋ መሬት ላይ የቤት መኪና ቆሞ አገኙ። በግራው ቦይ ነው፤ በቀኙ መዞር ነበረባቸውና ወደ አስፋልቱ ወጡ። የጭነት መኪና ከኋላቸው ጡሩምባውን ለቀቀው። ደንግጠው ወደ ኋላ ሲሉ ቦዩ ውስጥ ወደቁ።

ሰዎች ጠርተውኝ ስደርስ ጋቢያቸው ጭቃ ነክሮት፣ ጥምጥማቸው ውኃው ላይ ተንሳፍፎ፣ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ይዘው ተቀምጠው ነበር። አንጓቸው ተሰብሯል። የጭነት መኪናው አልቆመም። የቆመችው መኪና ባለቤት ግን መጣ፤ ጎልማሳ፣ ጥሩ የለበሰ ሰው ነው። ይቅርታ ይላል ብዬ ስጠብቅ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «ማየት የማይችል ሰው ብቻውን መንገድ ላይ ምን ያደርጋል?» አለኝ። እኔም «የአንተ መኪናስ የሰው መሄጃ ላይ ምን ታደርጋለች?» አልኩት። የመኪናውን በር ከፍቶ ገብቶ ሄደ። ያ ሰው እስካሁን ከሆዴ አልወጣልኝም።

ሐኪም ቤት ጄሶ ካሰርንላቸው በኋላ ይመለከተዋል ወደተባለው ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለኝ ልጅ ትሑት ነው፤ ወንበር ስቦልኛል። «መምህርት፣ መንገዱ እኮ የተሠራው ለተሽከርካሪ ነው፤ የእግረኛው በሚቀጥለው ምዕራፍ ተይዟል» አለኝ። እስከዚያ ሰው በምን ይሂድ ብዬ ብጠይቀው «ባጃጅ አለ አይደል?» ብሎ ፈገግ አለ። እንግዲህ በዚህ አገር ከመኪና ቀድሞ የተፈጠረው እግር በሚቀጥለው ምዕራፍ ተይዞልናል ማለት ነው። ስንት ትውልድ ቅኔ ፍለጋ ከጎጃም ጎንደር፣ ከጎንደር ዋድላ በእግሩ የተመላለሰበት አገር! ከቢሮው ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆሜ በንዴት አለቀስኩ።

ያን ሰሞን አንተ ደወልክ። ያልከውን ልድገምልህ፣ ምናልባት ረስተኸው ይሆናል። «ቀድሞም ብቻቸውን ባይወጡ ኖሮ አይደርስባቸውም ነበር፤ መኪናና ሹፌር አዘጋጃለሁ፣ ከእንግዲህ እግራቸው መሬት አይነካም» ነበር ያልከው። ለፍቅር ብለህ መሆኑን አውቃለሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን አባባ እንዲህ አሉ፦

«እንግዲህ ልነዳ ነው። ከብት እንኳ ሲነዳ በእግሩ ነው የሚሄድ።»

ያቺን ቃል እንደ ቅኔ ፈትቼ ልነግርህ አልፈልግም፤ የመሪጌታ ልጅ ነህና ይገባሃል። እኔ ግን ያን ቀን ማምሻውን ከዚያ ቤት ላወጣቸው ቆረጥኩ።

በአንተ ለምን እንደተቆጣሁ ላስረዳህ። ይህ ነገር የማያውቅ ሰው ቢያደርገው አልቀየምም ነበር። አንተ ግን ታውቀዋለህ። ካልጋሪ የገባህ ሰሞን የነገርከኝን እኔ አልረሳሁም። ርካሽ ነው ብለው ያስገቡህ ቤት ከዳቦ መሸጫው በሰፊ ጎዳና ተለይቶ፣ መሄጃ የሌለው ሆኖ፣ በበረዶው ዳር ዳር ፌስታልህን ይዘህ ስትሄድ ባለ መኪናው ቆሞ መኪናህ ተበላሽቶ ነው ወይ ብሎ እንደ ጠየቀህ ነግረኸኝ ነበር። «ሰው በፈቃዱ በእግሩ ይሄዳል ብለው አያስቡም እህቴ፤ መኪና የተበላሸበት ሰው ነው የመሰልኳቸው» ብለህ ስትስቅ ከሳቅህ ሥር ያለውን ሰምቼዋለሁ። ኋላ ከባቡሩ አጠገብ፣ ሱቅና ቤተ መጻሕፍት በእግር የሚደረስበት ሠፈር እስክታገኝ ድረስ ስትንከራተት ከረምህ። ባገኘህም ጊዜ ደስታህን ደውለህ የነገርከው መጀመሪያ ለአባባ ነበር። ታዲያ ለራስህ እግር የፈለግህለትን ለአባትህ እግር እንዴት ዘነጋህ? መኪና ስትይዝ እግርህ ረሳው ወይ?

እንግዲህ ቤት ፍለጋው መጣ። ዓለምነው የሚባል ደላላ ያዝኩ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን እንደ ሁሉም ደላላ የሚያውቃት ጸሎት አንዲት ናት፦ አስፋልት ዳር ነው፣ መኪና ያስገባል። ቤተ ክርስቲያን በእግር ይደረሳል ወይ ስለው «እትዬ፣ ባጃጅ በደጅሽ አይደለም እንዴ የሚያልፍ?» ይለኛል። ዓይኑ የደከመ ሰው ብቻውን ወጥቶ ይመለስበታል ወይ ስለው የምቀልድበት ይመስለዋል። ከአርባ ዓመት በላይ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሰው ቤት ሲከራይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «መኪና ያስገባል ወይ?» የሆነው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አላስታውስም። መኪና የሌለው ሁሉ፣ ማለት ከተማው በሙሉ ከጥቂቱ በቀር፣ ለሌላ ሰው መኪና ቦታ እየከፈለ ይኖራል።

የአባባ ጄሶ ከተፈታ በኋላ ብቻዬን ማየቱን ትቼ እሳቸውን ይዤ መዞር ጀመርኩ። የሚኖሩበት እሳቸው ናቸው፣ እግራቸው ይምረጥ አልኩ። መሀል ከተማ አንድ ቤት አየን፤ በደጁ የእግረኛ መንገድ ተነጥፎለታል። ነገር ግን ባለሱቆቹ ፍሪጁንም፣ ፍራሹንም፣ ቁም ሳጥኑንም እዚያው ደርድረውበታል፤ በተረፈው ላይ ባጃጅ ቆሞበታል። አባባ ጉልበታቸውን ከፍሪጅ ጋር አጋጩ። ባለሱቁ «ቀስ ይበሉ አባቴ፣ ዕቃ እንዳይጭሩብኝ» አላቸው። ሌላ ሠፈር ደግሞ ደኅና ግቢ አገኘን፤ መንገዱም ኮብልስቶን ነው፤ ባለቤቱ ግን ተማሪ ይመጣባቸዋል ወይ፣ እንግዳ ይበዛባቸዋል ወይ እያለ መረመረኝና በመጨረሻ ቤቱ የታሰበው መኪና ላለው ሰው እንደሆነ ነገረኝ። እውነቱን ነው፤ መኪና ማቆሚያው ከመኝታ ቤቶቹ ይሰፋል። አባባ በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ይሰሙ ነበር። ስንወጣ «ልጄ፣ ሰውየው አይፈረድበትም፤ እንግዳ የሚፈራ ሰው ብቻውን የቀረ ነው» አሉኝ። እኔ ግን ፈርጄበታለሁ።

ዓለምነውም በመጨረሻ ሰለቸው ወይ አዘነልን አላውቅም፤ እያፈረ «አንድ ቤት ነበር፤ ግን መኪና አያስገባም። ለሰው አሳይቼውም አላውቅ» አለኝ። አሳየኝ አልኩት።

ቤቱ የእማሆይ አመተ ሥላሴ ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ ሴት ናቸው፤ ከኋላው ባለችው ክፍል ይኖራሉ። ከአስፋልቱ ገባ ስትል ቅያሱ ይጠባል፤ ሦስት ሰው ጎን ለጎን ይሄድበታል፣ መኪና ግን አፍንጫውን አያስገባም። በቀኝ በኩል የድንጋይ አጥር አለ፤ ከመግቢያው ጀምሮ እስከ ቤቱ፣ ከቤቱም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ በር ድረስ አይቋረጥም። ቦዩ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኗል፤ ማን እንደ ከደነው ብጠይቅ የመንደሩ ሰው ራሱ ነው አሉኝ። መግቢያው ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ ሴቶች ይቀመጣሉ፣ መሀሉ ላይ ወፍጮ አለ።

አባባ ቤቱን ለማየት አልገቡም። በግራ እጃቸው መቋሚያውን ይዘው፣ የተጠገነውን ቀኝ እጃቸውን አጥሩ ላይ አድርገው ቅያሱን ወረዱት። ከዚያ ተመልሰው ወጡት። ሽንኩርት ሻጮቹ ሳያውቋቸው «እንደምን ዋሉ አባቴ» አሏቸው፤ አንዷ ዘንቢሏን ከመንገዳቸው ሳብ አደረገች። እሳቸውም ከእኛ ሲደርሱ ቆመው፦

«ይህ መንገድ ሰው ያውቃል» አሉ።

ዓለምነው አንገቱን ደፋ። የድለላውንም በቅናሽ አደረገልኝ፣ እግዜር ይስጠው።

ቤቱ ገነት ነው አልልህም። ጣሪያው ያፈሳል፣ ውኃው በፈረቃ ነው፣ ጓዳው ጨለማ ነው። እማዬ በገባን ቀን ልጄ የገዛልኝን ቤት ጥዬ ብላ አልቅሳለች፤ ሴራሚኩንም እስካሁን ታነሣዋለች። ግን በማግስቱ ጎረቤቶቹ ዳቦና ጠላ ይዘው ገቡ፤ ሳምንት ሳይሞላ የማርያም ማኅበር አስገቧት። አሁን ቤት ፈልጌ አጣታለሁ።

የመጀመሪያውን እሑድ ልንገርህ። አባባ ማልደው ተነሥተው ልብሳቸውን ለበሱ፣ እከተልዎ ወይ ብላቸው አይሆንም አሉ። ልቤ አልቻለም፤ ያ ቦይ በዓይኔ መጣ። ጫማዬን አውልቄ፣ ርቄ፣ ቀስ እያልኩ ተከተልኳቸው። ወፍጮው ጋ ሲደርሱ ሳይዞሩ ቆሙ።

«ሥራነሽ፣ ጫማ ብታወልቂም ኮቴሽ አንቺው ነሽ። ተመለሽ ልጄ።»

ተመለስኩ። ምን ላድርግ? በራችን ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ከሁለት ዲያቆናት ጋር እየተከራከሩ መጡ፤ አንድ ቅኔ ቤት መታ አልመታም በሚል ነው ክርክሩ። ድምፃቸውን ከደብረ ወርቅ ወዲህ እንዲያ ከፍ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። ዲያቆናቱም አሁን በየሁለት ቀኑ እየመጡ ይማራሉ፤ እማሆይ አመተ ሥላሴ እንግዳ በዛብኝ ብለው አያውቁም፤ እንዲያውም ከበሩ ጀርባ ሆነው ያዳምጣሉ።

ቁጣዬ በዚህ አለቀ እንዳይመስልህ። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ተጠራን፤ ቅያሱ ይስፋ የሚል ሐሳብ መጥቷል። ለምን ስንል መኪና እንዲያስገባ። አጥሩ ይፈርሳል፣ ሽንኩርት ሻጮቹ ይነሣሉ። ተነሥቼ ተናገርኩ። አንዱ «ልማት ትቃወሚያለሽ ወይ?» አለኝ። እኔም ልማት ማለት ሰው ከቤቱ ወጥቶ በሰላም የሚመለስበት ከሆነ እዚህ ገና ሳትመጡ ለምቷል አልኩት። ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ ሰብሳቢው ግን በወረቀት አቅርቡ ብሎ ለሌላ ቀን ቀጠረን። ምን እንደሚሆን አላውቅም። ዝም እንደማልል ግን አውቃለሁ።

አንተን የምለምንህ ይህን ነው። መኪና አትላክ። ቪላውን መኪና ላለው ሰው አከራየው፤ ለእንደዚያ ያለ ሰው ጥሩ ቤት ነው፣ አልዋሽም። ደግነት ማድረግ ከፈለግህ ግን ከበርህ ፊት ያለውን ቦይ አስከድነው። ከአባባ በፊት ማን እንደ ወደቀበት አናውቅም፤ ከእሳቸው በኋላ ግን ሌላ ሰው ቢወድቅ እያወቅን ነው። ስትመጣም አልጋህ እዚህ የጭቃ ቤት ውስጥ ነው።

ትሕትናን እህትሽን ናፍቀሻታል በልልኝ። ማርያማዊትን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ አያቷ ስሟን እየጠሩ በየቀኑ ይመርቋታል። እማዬ ብርድ እንዳይመታህ ደረትህን ሸፍን ትላለች፤ ለትሕትናም ለወገቧ የሚሆን ጸበል በየብርጓል እጅ ልካለች። እማሆይ አመተ ሥላሴ ሳያውቁህ ሰላም ብለውሃል። ዲያቆናቱም የየኔታን ልጅ እጅ ነሥተናል ብለዋል።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለአባባ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና «ልጄን ተቆጣሽው» አሉኝ። ልሰርዘው ወይ ብላቸው አሰቡና እንዲህ አሉ፦

«ተይው፤ እውነት ነው። ብቻ ከታች እኔ ዛሬ ብቻዬን ገበያ ሄጄ ጨው ገዝቼ እንደ ተመለስኩ ጻፊለት። የቀረውን እሱ ይረዳዋል።»

ይኸው ጽፌልሃለሁ።

እህትህ ሥራነሽ ገብረ ኪዳን
ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.